አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ወይስ ቢኤምደብሊው 2002? ከአዳማ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዳማ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ለዓመታት ባጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ የድሮ መኪና ልገዛ ተነሥቻለሁ። ሁለት ቀርበውልኛል፤ አንዷ የ1969 አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ሱፐር፣ ሌላዋ የ1972 ቢኤምደብሊው 2002 ናቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። የምፈልጋት በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቤን ይዤ ለመውጣት፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ለመሄድ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አሰላ ያሉትን እናቴን ለማመላለስ ነው። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጓደኞቼ ‹ጀርመን ጀርመን ነው፣ የጣሊያኑን ተወው› ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ቀለሟንስ ባስቀይረው?»

ምላሽ፦ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ጁሊያን ይግዙ፤ ነገር ግን በራዲያተሯ ውስጥ ያለው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። ውሃው ተበላሽቶ ካገኙት የጀርመኗን ይግዙ። ሁለት ስመ ጥር መኪናዎችን በራዲያተር ውሃ መመዘን እንግዳ ነገር ሊመስልዎ ይችላል። ሠላሳ ዓመት በዚህች ከተማ ኮፈን ስከፍት የተማርኩት ግን ይህንኑ ነውና ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርዎ።

አስቀድሜ የጓደኞችዎን አባባል ላንሣ። «ጀርመን ጀርመን ነው» የሚለው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የጀርመኗ መኪና አሠራሯ ቀላል ነው፣ ስንፍናንም ትታገሣለች። የጣሊያን መኪና ተሰባሪ ነው የሚለው ስም ግን በአብዛኛው የመጣው ከላሜራ ዝገትና ከኤሌክትሪክ መስመር እንጂ ከአልፋ ሞተር አይደለም። የጣሊያን ፖሊስና ካራቢኒዬሪ (የአገሪቱ ወታደራዊ ፖሊስ) ጁሊያን ለዓመታት ሌት ተቀን ሲነዷት ኖረዋል። ተሰባሪ ብትሆን ኖሮ ሌባ ማባረሪያ ባላደረጓት ነበር። ደግሞስ እኛ በጋራዥ ውስጥ የምንናገረው የማንን ቃል ነው? ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ እንላለን፤ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እኔ ሙያውን የተማርኩባቸው አዛውንት ጁሊያን ሲፈቱ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከጣሊያንኛ የጥገና መጽሐፏ ላይ እያነበቡ ያሳዩን ነበር፤ እኛ በአማርኛ የምንጠራውና መጽሐፉ የጻፈው አንድ ዓይነት ነበር። ይህ መኪናዋን የተሻለች አያደርጋትም። ለአገራችን መካኒክ እንግዳ እንዳልሆነች ግን ይናገራል።

ጁሊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ለሕዝብ ቀረበች። ሞተሯ 1,570 ሲሲ ነው፤ ብሎኩም (ሲሊንደሮቹን የያዘው አካል) ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ሲሆን ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍቶች ከላይ ተጭነውበታል። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሣጥኑ፣ ባለ አምስት ማርሽ ነበር። በዚያ ዘመን ለቤተሰብ በሚሠራ መኪና ላይ አምስት ማርሽ ማግኘት ብርቅ ነው። ቅርጿን ያየ ሰው ሣጥን ናት ይላል። ነገር ግን በነፋስ መፈተሻ ዋሻ ውስጥ ተሠርታ የአየር መቋቋሟ መጠን 0.34 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፋብሪካውም «ነፋስ የነደፋት» እያለ አስተዋወቃት። አዳማ ነፋስ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለችና አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ ያ ቁጥር ከፊት ለሚመጣው ነፋስ እንጂ ከጎን ለሚመታው አይደለም። በፈጣን መንገዱ ላይ ከጎን ነፋስ ሲመጣ ሁለቱም መኪናዎች ይገፋሉ፤ ሁለቱም 1,000 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ቀላል መኪናዎች ናቸው። እርስዎ ያገኟት ሱፐር የተባለችው በ1965 የወጣች ሲሆን እያንዳንዳቸው ሁለት ጉሮሮ ያላቸው ሁለት ካርቡረተሮች አሏት። ጉልበቷ 98 የፈረስ ጉልበት ነው።

የጀርመኗ ታሪክ ሌላ ነው። ቢኤምደብሊው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊሸጥ ተቃርቦ ከነበረበት ችግር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳየው አዲስ የመኪና ትውልድና የዚያ ትውልድ ሞተር ነው። ሞተሩን የነደፉት አሌክስ ፎን ፋልከንሃውዘን ናቸው። በኋላ ትንሿ ባለ ሁለት በር መኪና 1,600 ሲሲ ሞተር ይዛ ስትወጣ፣ እርሳቸውና ሌላው የኩባንያው ኃላፊ ሄልሙት ቨርነር ቦንሽ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ እያንዳንዳቸው ለግል መኪናቸው የ2 ሊትሩን ሞተር አስገጥመው ተገኙ። የአሜሪካው አስመጪ ማክስ ሆፍማንም ጉልበተኛ መኪና አምጡልኝ እያለ ይወተውት ነበር። 2002 የተወለደችው እንዲህ ነው፤ ዓመቱ 1968፣ ሞተሩ 1,990 ሲሲ፣ ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት ነበር። የዚያ ሞተር የብረት ብሎክ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፤ በዚሁ ብሎክ ላይ የተመሠረተ ቱርቦ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1983 ኔልሰን ፒኬን የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን አድርጎታል።

እንግዲህ 98 እና 100 ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ግን በባሕር ጠለል አካባቢ በአዲስ ሞተር ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ካርቡረተር ያለው ሞተር ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። ስለዚህ አዳማ ላይ ሁለቱም ከ85 የፈረስ ጉልበት በታች ናቸው፤ አሰላ 2,400 ሜትር ላይ ሲደርሱ ደግሞ 75 አካባቢ ይሆናሉ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል። መፍትሔው በካርቡረተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ናስ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ባለች መለወጥ ነው። የጀርመኗ ተራዋ 2002 አንድ ካርቡረተር ስላላት ሥራው በዚያው ያበቃል። ጁሊያ ላይ አራት ጉሮሮ አለ፤ አራቱም መለወጥ፣ ከዚያም ሁለቱ ካርቡረተሮች እኩል እንዲተነፍሱ መስተካከል አለባቸው።

ይህን ማስተካከል የሚያውቅ ሰው አዳማ ውስጥ አለ። መሣሪያም ብዙ አይጠይቅም። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮዎ፣ ሌላውን ጫፍ በካርቡረተሩ ጉሮሮ አፍ ላይ አድርገው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያሰማውን የትንፋሽ ድምፅ ማዳመጥ ነው። ወደ ቀጣዩ ጉሮሮ ሲያልፉ ድምፁ ከወፈረ ወይም ከሳሳ ብሎኗን ጥቂት ያዞራሉ፤ አራቱም አንድ ዓይነት «ሽሽሽ» እስኪሉ ድረስ። አዛውንቱ አስተማሪዬ ይህንን ሲሠሩ ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ያስዘጉ ነበር። ሥራው ሲያበቃ ሞተሩ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ከሰማኋቸው የሞተር ድምፆች ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው፤ ይህን ስልዎ ለጁሊያ እንደማደላ ልብ ይበሉ።

በቫልቭ ማስተካከል ግን የጀርመኗ ትበልጣለች፣ በብዙ ትበልጣለች። በቫልቩ ላይ በሚጫነው ክንድ ጫፍ ላይ ከመሐል ወጣ ብላ የምትዞር ትንሽ ክብ ብረት አለች፣ በጎኗም ቀዳዳ አላት። 10 ቁጥር ቁልፍ ይዘው ዳዶዋን (የብሎን ማጥበቂያዋን) ያላሉ፤ ጫፏ የተቆለመመ ሽቦ በቀዳዳዋ አስገብተው ብረቷን ያዞራሉ፤ ስስ የመለኪያ ቅጠል በመካከል አስገብተው ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ያጠብቃሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ ከቁርስ በፊት ተጀምሮ ከምሳ በፊት ያልቃል። በጁሊያ ላይ ክፍተቱን የሚወስኑት በቫልቩ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ የብረት ቆቦች ናቸው፤ ውፍረታቸው የተለያየ ነው። ለመለወጥ ካምሻፍቱ መውጣት አለበት፤ ተለክቶ ልኩ ያለው ቆብ ተፈልጎ ይገባል፣ ካምሻፍቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይለካል። መልካሙ ነገር ይህ አሠራር አንዴ በትክክል ከተስተካከለ ለረጅም ጊዜ አይናጋም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ነጭ ጁሊያ ከአሰላ መንገድ ተጎትታ ወደ ጋራዤ መጣች። ባለቤቷ ሌላ ቦታ «ሞተሩ አልቋል፣ አውጥተህ የጃፓን ሞተር አስገባበት» ተብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ያለው ማኪያቶ የመሰለ ነበር፤ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለዋል። ቴስታታውን አነሣን። በዚህ ሞተር ዘይት ከብሎኩ ወደ ቴስታታ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ቀለበቶቹን በጥፍሬ ነካሁና እንደ ደረቀ ባቄላ ተሰባበሩ። ከዚያ በፊት ቴስታታውን ያነሣው ሰው አሮጌዎቹን መልሶ አስገብቷቸው ነበር። በእጅ መዳፍ የሚያዙ ጎማዎች ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት አንድ ሙሉ ሞተር ሊጣል ነበር።

ይህ ቢሆንም ጎማዎቹን ብቻ ለውጠን አልተገላገልንም። በብሎኩ ውስጥ የሲሊንደሮቹ ቀሚሶች (ፒስተን የሚመላለስባቸው የብረት ቱቦዎች) የሚቀመጡበት የአሉሚኒየም ጠርዝ ተበልቶ ነበር፤ ትል እንደበላው ጥርስ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ። የዚህን ምክንያት ማወቅ ለእርስዎ ከሁሉም ይበልጣል። ጁሊያ ብሎኳ አሉሚኒየም፣ ቀሚሶቿ ብረት ናቸው፤ ውሃው ደግሞ ሁለቱንም እየነካ ያልፋል። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ቀስ በቀስ ይበላል። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያስተላልፋልና መበላቱ ይፈጥናል። የስምጥ ሸለቋችን የከርሰ ምድር ውሃ ምን ያህል ማዕድን እንዳለበት፣ በተለይም ፍሎራይዱ፣ በወንጂና በአካባቢው ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ቀድቶ ራዲያተር መሙላት ለአሉሚኒየም ሞተር ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ነው።

«እኛ አገር በረዶ የለም፤ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ለምን እጨምራለሁ?» የሚለኝ ደንበኛ ስፍር ቁጥር የለውም። በፈሳሹ ስም አይታለሉ። ለእኛ የሚጠቅመን ከበረዶ መከላከሉ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዝገትን የሚከለክል ቅመምና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረጉ ነው። አሰላ ላይ ንጹሕ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ዳገት የወጣ ሞተር ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ይቀላቅሉ። ለማቅጠኛው ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ፤ አሲዱን እንዳይሳሳቱ አደራ። በየሁለት ዓመቱ አፍስሰው ይለውጡ። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው የላላ ከሆነም አዲስ ይግዙ፤ ግፊቱን ካልያዘ ፈሳሹ ቀድሞ ይፈላል።

የጀርመኗ ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታዋ ብቻ አሉሚኒየም ነው። መጥፎ ውሃ ይጎዳታል፤ ግን ብሎኳን አይበላውም። እርሷን የሚገድላት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ መሞቅ ነው፤ ቴስታታዋ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ጁሊያ በውሃው ብትወድቅ የጀርመኗን ይግዙ ያልኩት። የተበላ ብሎክ ያላትን አልፋ አዳማ ላይ መጠገን ከባድ ነው፤ አልሞክርም አልልም፣ እርስዎን ግን ወደዚያ አልመራም።

ወደ መንገዱ እንሂድ። ብዙ ሰው ስለ አምስተኛዋ ማርሽ ሲናገር የሚያስበው አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድን ነው። እኔም አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስልቼው ነበር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ጁሊያ በአምስተኛ 3,200 ዙር ገደማ፣ የጀርመኗ በአራተኛ 3,400 ገደማ ይዞራሉ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የጁሊያ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ጥርሱ አጭር ነው፣ አምስተኛዋ ያንን ማካካሻ ናት። የአምስቱ ማርሽ እውነተኛ ጥቅም ያለው ወደ እናትዎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አዋሽ መልካሳን አልፈው፣ ዴራን ትተው ወደ ኢተያ ዳገቱን ሲጀምሩ ማርሾቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ሞተሩ ከዙሩ አይወድቅም፤ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያወርዱ ዝላይ የለውም። የጀርመኗ ደግሞ 420 ሲሲ ስለምትበልጥ ከታች ዙር ጀምራ ትስባለች፤ ማርሽ መቀያየር የማይወድ ሰው ዳገቱን በሦስተኛ ብቻ ተረጋግቶ ይወጣበታል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ በዚህ እኩል ናቸው እላለሁ። አነዳድዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ቁልቁለቱ ግን እኩል አያደርጋቸውም። ከአሰላ ሲመለሱ ከአምስት ሰው ጋር 800 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ጁሊያ አራቱም እግሮቿ ዲስክ ፍሬን ናቸው፤ የጀርመኗ የፊቶቹ ዲስክ፣ የኋላዎቹ ታምቡር ናቸው። ታምቡር ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፣ አቧራችንንም ይሰበስባል። ማርሽ ይዞ በሞተር መውረድን የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም በሰላም ያወርዳቸዋል፤ ሆኖም ልጆች የተጫኑባትን መኪና ሳስብ ሚዛኔ ወደ አራቱ ዲስኮች ያደላል። ሌላም ልጨምር። የጀርመኗ የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ በተቦረቦረ መንገድ ላይ ጀርባዋ ከጁሊያ ይልቅ የሰከነ ነው። ነገር ግን በዝናብ ጊዜ ኩርባ ውስጥ ፈጥነው ገብተው ደንግጠው እግርዎን በድንገት ከነዳጅ ቢያነሡ ጀርባዋ ሊወጣብዎ ይችላል። የጁሊያ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ይነጥራል፣ ግን የሚያደርገውን አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ስለ በሮቹ ብዙ አልናገርም፤ እርስዎ ራስዎ መልሱን ጽፈውታል። የጀርመኗ ሁለት በር ናት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከፊት ይቀመጡ ቢባል እንኳ፣ ባለቤትዎ ከልጆቹ ጋር ለመግባትና ለመውጣት በየፌርማታው እናትዎ ከመቀመጫቸው መነሣት አለባቸው። አንድ ደንበኛዬ አያቱን ከእንደዚህ ያለ መኪና የኋላ ወንበር ሲያወጣ አይቻለሁ፤ አሮጊቷ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ እግራቸው ውጭ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ፣ «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» እያሉ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ጁሊያ አራት በር አላት። የትኛዋንም ቢገዙ የኋላ ወንበር ላይ የደህንነት ቀበቶ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ልጆቹን ከመጫንዎ በፊት ያስገጥሙ፣ ማሰሪያውም በወፍራም ብረት ላይ ይሁን።

መለዋወጫን በሚመለከት አንድ ቀላል መመዘኛ አለኝ፤ በሻንጣ የሚመጣና በሻንጣ የማይመጣ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሌላ የተሻለች መኪና ከውጭ አስመጣለሁ ማለት አይቻልም፤ ያለችውን መጠበቅ ነው። ለሁለቱም መኪናዎች አውሮፓ ውስጥ ዕቃ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ የጎማ ቀለበት፣ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ፣ የካርቡረተር ዕቃ፣ ይህ ሁሉ ከዘመድ ሻንጣ ጥግ ውስጥ ይገባል። የፊት መስታወት፣ በር፣ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ)ና የፊት መብራት ቀለበቶች ግን አይገቡም። ስለዚህ የተበላሸ ፓምፕ አይተው አይሽሹ፤ የጎደለ ጌጥና የተሰነጠቀ መስታወት አይተው ግን ዋጋ ይቀንሱ። የጀርመኗ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላት፤ የሞተር ቤተሰቧ በኋለኞቹ 316 እና 318 ውስጥ እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ ድረስ ስለቆየ አንዳንድ ዕቃ ከእነዚያ ይገጥምላታል። ከኋላ ኮፈኗ ላይ «2002 ቲ.አይ.አይ» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ይንገሩኝ፤ ያቺ በካርቡረተር ፋንታ የኩግልፊሸር ሜካኒካል የነዳጅ መርጫ ያላት ባለ 130 የፈረስ ጉልበት መኪና ናት። ድንቅ መኪና ናት፤ ያንን መርጫ ግን እዚህ የሚያስተካክል ሰው አላውቅም፣ እኔም አልነካውም።

ለምርመራው ማለዳ ይሂዱ፤ ሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሣ ከማታው ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በነጭ ጨርቅ ጫፍ ይንከሩ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ፈሳሽ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ቡናማ የዝገት ውሃ ከሆነ ይጠራጠሩ፤ በላዩ የዘይት ዓይን ከዋለለ ወይም ጨርቁ ወተት በመሰለ ነገር ከተቀባ ጁሊያን ይተዉአት። የዘይት መሙያውንም ክዳን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። ከዚያ ያስነሡና ወዲያው ይንዱ። የአልፋ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ መንጫጫት የታወቀ ድካሟ ነው፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀስ ብለው ሲያወርዱ ጥቂት ካጉረመረመች አይደንግጡ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጮኸች ወይም ማርሹ ተፈናጥሮ ከወጣ ግን ካምቢዮው መፈታት አለበት። የጀርመኗን ሲነዱ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ለሚመጣ ጉምጉምታ ጆሮ ይስጡ፤ ዲፈረንሻሉ ነው። በሁለቱም ላይ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለው ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ ይሰነጠቃል፤ ሲነሡ «ዱብ» የሚል ድምፅ ከሰሙ እርሱ ነው፣ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ጊዜ ካለዎት እስከ ኢተያ ድረስ ይንዱ። ዳገቱን ሲወጡ ዓይንዎ በሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ወጥተው ቆመው ሞተሩን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ እንደገና ሲያስነሡ እምቢ ካለች በሙቀት ምክንያት ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩን ከሞተሩ አርቆ በማሰር የሚድን ነገር ነው፣ በእርሱ ምክንያት አትግዙ አልልም።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። በበሮቹ ሥር ባለው ጠርዝ፣ በጎማዎቹ ቅስቶች፣ በጁሊያ የፊት መብራቶች ዙሪያ፣ በሁለቱም የተጠባባቂ ጎማ ማስቀመጫ ውስጥ ያስነኩት። ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ነው። የአዳማ ደረቅ አየር ላሜራን ይጠብቃል፤ ይሁንና መኪናዋ ከየት እንደመጣችና የት እንደቆመች አናውቅም። በጀርመኗ የኋላ ኮፈን ውስጥ የአሞርቲዛተሮቹ (የንዝረት ማብረጃዎቹ) ራስ የሚታሰርበትን ቦታ ምንጣፉን አንሥተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ እዚያ የበላ ዝገት ካለ በዋጋ አይደራደሩ፣ ትተው ይሂዱ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሞተራቸው የተለወጠ ብዙ ናቸው፤ ሊብሬው ያላወቀው ሞተር ስም ሲዛወር ያስቸግርዎታል።

ቀለሙን አሁን አያስቀይሩ። ቢያንስ አንድ ክረምት ይንዷት። ዝናቡ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ወለሉ የት እንደሚረጥብ፣ የበሮቹ ጎማ የት እንዳረጀ ያሳይዎታል፤ ያንን ካስጠገኑ በኋላ ወደ ቀለም ይሂዱ። ሲሄዱም ከበሩ ማጠፊያ ሥር፣ አሮጌው ቀለም ሳይነካ ከቆየበት ቦታ ላይ፣ መጀመሪያ ምን እንደነበረች ይፈልጉና ወደዚያው ይመልሷት።